በስልክ የማይነገር ጉዳይ

ይመኙሻል ከአምስተርዳም፣ ከኦስዶርፕ ድረስ የመጣችው ለሳሙና መስሎኝ ነበር። በሩን ስከፍትላት ግን እንዴት ዋልሽ እንኳን ሳትለኝ የያዘችውን ድስት ወለሉ ላይ አስቀምጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ይመኙሻል ማለት ደረጃውን ከታች ስትጀምር ወሬዋንም የምትጀምር፣ የባቡሩን መዘግየት፣ የአለቃዋን ክፋት፣ የጫማዋን ዋጋ ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ተናግራ የምትጨርስ ሴት ናት። ያን ዕለት ግን ትንፍሽ አላለችም። ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ ለቀቀችኝ። ቀሚሷ ጥቁር፣ ሹራቧ ጥቁር፣ ስቶኪንጓ ጥቁር። በፎጣ የተጠቀለለውን ድስት አነሳችና «ይኼን ወጥ ቤት ላስቀምጠው» ብላ ዓይኔን ሳታይ አልፋኝ ገባች። ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ከሩብ ነው። የተጠራችው ለዘጠኝ ነው። ሐበሻ ከተጠራበት ሰዓት ቀድሞ የሚደርስበት ጉዳይ አንድ ብቻ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ሐሳቤ ሁሉ ከታች ፎቅ ጎረቤታችን የተዋስናቸው ወንበሮች ላይ ነበር።

ቤታችን ስኪዳም ነው፤ ከሮተርዳም በባቡር አምስት ደቂቃ። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት ወጥ ቤት። ከመስኮታችን ትልቅ የንፋስ ወፍጮ ይታያል፣ አንድ ቀን ሲዞር አይቼው አላውቅም። ዘመኑ በፈረንጅ 1987 ነው፣ መጋቢት ወር፣ እሁድ። ባሌ ባዩ ከንጋት ጀምሮ ቤቱን ሲጠርግ፣ ሶፋውን ሲያንቀሳቅስ፣ ከረቫቱን ሲያስርና ሲፈታ ቆይቶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ፒት የሚባለውን ሆላንዳዊ ሊቀበል ወደ ባቡር ጣቢያ ወርዷል። ስለዚህ እንግዶቹን የምቀበለው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ይኼ ደግሞ የጥፋቱ ግማሽ ነው።

ስለ ባዩ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ትፈርዱበታላችሁ። ባዩ አገር ቤት፣ ደብረ ብርሃን፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ስምንት መቶ ተማሪ ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ፊቱ ይቆም ነበር፤ ሲናገር ዝንብ እንኳን አትሰማም ይላል፣ ያጋንናል እንጂ ውሸት አይደለም። እዚህ ከመጣን ወዲህ ሮተርዳም ውስጥ ቢሮ ያጸዳል፤ ስድስት ዓመቱ። ሥራ ነው፣ እኔም አረጋውያን ቤት ሰው አጥባለሁ፣ ሥራን ማን ይንቃል። ግን እሱ የሚገባበት ቢሮ ሁሉ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ባዶ ወንበር፣ ባዶ ጠረጴዛ። የሚሰማው ሰው ሲያጣ ቤት መጥቶ ለኔ ንግግር ያደርግልኝ ጀመር፤ ስለ ድንች አላላጥ እንኳን ሲነግረኝ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። እኔም ከሥራ ደክሜ የገባሁ ሰው ነኝና «እሺ ጋሼ፣ ደወል ተደውሏል፣ እንበላለን ወይስ እንማራለን?» እለዋለሁ። ይስቅ ነበር። ሲስቅ ግን ትንሽ እንደሚከፋው አውቃለሁ።

ፒትን ያገኘው እዚያው ከሚያጸዳቸው ቢሮዎች በአንዱ ነው። ፒት የሳሙና ሰው ነው። ሳሙናው ሱቅ አይገባም፤ አንዱ ለሚያውቀው ሰው ይሸጣል፣ ያንን ሰው ደግሞ አስፈርሞ ሻጭ ያደርገዋል፣ እሱም የሚያውቀውን እንዲሁ። አንዱ ጠርሙስ ሃያ አራት ጊልደር ከሃምሳ። ገበያ ላይ በሁለት ጊልደር የሚገዛ ሳሙና ሞልቶ ሳለ። ይኼኛው ግን አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ ይበቃል ይባላል። ባዩን የማረከው ሳሙናው አልነበረም፣ ጥቅሙም አልነበረም። እስከዚያች እሁድ ድረስ ሦስት ሰው ያስፈረመ የቡድን መሪ ይባልና ዩትሬክት ከተማ ባለው አዳራሽ ለአዲስ ገቢዎች ትምህርት ይሰጣል ብሎት ነው። «መድረክ አለ እናትነሽ» አለኝ አንድ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ። «ማይክራፎን አለ። ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚፈለገው።» ማይክራፎን ሲል ድምፁ ተቀየረ። እኔ ሳሙናውን አልወደድኩትም፣ ነገሩም አልጣመኝም፤ ያንን ድምፅ ግን ከሰማሁት ስድስት ዓመቴ ነበርና አፌን ያዝኩ።

ጀማሪ የሚሠራውን ስህተት ሁሉ ሠራ፣ አንድ እንኳን አልቀረውም። አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሰጥተውት እንደ ዳዊት ደገማት። የሚያውቃቸውን መቶ ሰዎች ስም እንዲጽፍ ታዟል፤ አርባ አራት ላይ ሲደርስ ስም አለቀበትና ቧንቧችንን የጠገነልንን ሰውዬ ጻፈው። ትራም ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችን አሮጊት በኑሮዋ ደስተኛ መሆኗን ጠየቃት፤ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወረደች። ለአለቃው የድርጅቱ ሳሙና መጥፎ ነው ብሎ አስረዳ። ከሁሉ የሚያስቀው ግን የምናውቃቸው ሐበሾች ከአንድ ሁለቱ በቀር ጽዳት ሠራተኞች መሆናቸው ነው። ሳሙና ከሥራ ቦታ በነፃ ነው የሚሰጣቸው። ይመኙሻልማ የምታጸዳበት ሆቴል የሚሰጣትን አጠራቅማ ለኛም ጭምር የምታመጣ ሴት ናት። «ለዓሣ ውሃ ልትሸጥ ነው?» ስለው «አንቺ ሳሙናውን ነው የምታይው፣ እኔ የማየው ዕድሉን ነው» አለኝ። ይችም ከመጽሐፏ ናት። በስልክ የጠራቸው ሐሙስ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ምን ብሎ እንደጠራቸው ብሰማ ኖሮ ስልኩን ከግድግዳው ነቅዬ እጥለው ነበር።

ሁለተኛ የመጣው አስራት ነው። ሄግ፣ እነሱ ዴን ሃኽ በሚሏት ከተማ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ጂንስ ሱሪና ጎማ ጫማ። ያን ዕለት ጥቁር ከረቫት አስሮ መጣ፣ ቋጠሮው ተጣሞ። ሁለት እጄን ይዞ «አይዞሽ እናትነሽ» አለኝ። ለምኑ ነው አይዞሽ? ለሳሙና? ሳልጠይቀው ጋሽ ሽባባው ደረሱ። ጋሽ ሽባባው ከሁላችን ቀድመው አገሩ የገቡ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃኽ ባለነው ሐበሾች መካከል መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ቃል ስለሚያውቁና ልባቸው ስለማይከዳቸው ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚለብሱት ረጅም ጥቁር ካፖርት አላቸው። ያንን ካፖርት ለብሰው ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው ሳይ የበሩን እጀታ ያዝኩ። «ግቡ ጋሼ» ያልኩት እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላውቅም። ወጥ ቤት ገባሁና የይመኙሻልን ድስት ክዳን ገለጥ አደረግኩ። ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ትኩስ።

አባቴ ናቸው አልኩ። አባቴ አዲስ አበባ ታመዋል፤ ከሁለት ወር በፊት እህቴ «ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው» ብላ ጽፋልኛለች። ይህ ዓረፍተ ነገር በሐበሻ ደብዳቤ ውስጥ ሲገኝ ምን ማለት እንደሆነ ላልገባው ሰው አላስረዳም። ያኔ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ባዩ በሌሊት የተነሳው፣ ቤቱን የጠረገው፣ ወንበር የተዋሰው፣ ሲላጭ ሦስት ጊዜ የተቆረጠው። ሳሙናው ማመካኛ ነው! ሰው ለመሰብሰብ የፈጠረው ዘዴ ነው። አገር ቤትስ እንዲሁ አይደል የሚደረገው? ጠበል ቅመሽ፣ እርቅ አለ፣ ዕቃ አምጪ እየተባለ ነው የሚጠራው። አገር ቤት ቢሆን በማለዳ ነበር የሚነገረኝ፤ እዚህ ደግሞ እሁድ ጠዋት ባቡሩ ስለሚያንስ ከሰዓት ይሆናል አልኩ ለራሴ። በባዩ ላይ ለሁለት ሳምንት ያላገጥኩበት ሁሉ አንገበገበኝ። ሻይ ቀዳሁ። ትሪውን ይመኙሻል እስከ ሳሎን ያዘችልኝ።

ሳሎን ተቀመጥን። እነሱ እኔን አያዩም፣ እኔም እነሱን አላይም። ጋሽ ሽባባው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የግድግዳውን ወረቀት ይመለከታሉ። አስራት ብስኩት አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «የባቡር ዋጋ ደግሞ ጨመረ» አለች ይመኙሻል። «አዎ፣ ጨመረ» አሉ ጋሽ ሽባባው። ቆይተው ደግሞ «ስንት ሆነ?» አሉ። «ለደርሶ መልስ አንድ ጊልደር ከግማሽ ጨምሯል» አለች። ከዚያ ወሬው አለቀ። የጎረቤታችን ሬዲዮ ከታች ይሰማል። ንገሩኝና ልገላገል ብዬ ልጮህ ፈለግኩ፤ ግን ወጉ አይደለም። የሚነገረው ሰው መጠየቅ የለበትም፣ የሚናገረውም ሰው ሳይሟላ መጀመር የለበትም። ስለዚህ ለራሴ ለቅሶ ሻይ እያዞርኩ ቆየሁ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን እትዬ ተሻለች መጡ። እትዬ ተሻለች ለኔና ለባዩ በዚህ አገር እናታችን ናቸው። ስንመጣ ዴን ሃኽ ባሏቸው ሁለት ክፍሎች ሰባት ወር አስቀምጠውናል፤ አልጋቸውን ለኛ ለቀው እሳቸው ሶፋ ላይ እያደሩ፣ በነጋ ደግሞ በትራም ወደ ባሕሩ ዳር፣ ስኬቨኒንገን ወርደው ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠቡ። አሳምነው የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ አገር ቤት የቀረ። በሃያ አንድ ዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። የመጨረሻ ደብዳቤው ከከረን የተጻፈ ሲሆን ከደረሳቸው አሥራ አራት ወር ሆኖት ነበር። ስለ አሳምነው ማንም አይጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አያነሱም፤ ፖስተኛው የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቀው ብቻ ከምሳ እረፍት ቤት ይመለሳሉ። ያን ዕለት ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው፣ ጥለቱን ወደ ፊት አዘቅዝቀው ገቡ። አልሳሙኝም። ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ለኔ ሐዘን የመጡ መሰለኝ። ሌሎቹም እንደዚያ መስሏቸዋል። አንዳችንም አልጠረጠርንም።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዩ በሩን ከፈተ። ሳሎኑን ሲያይ ፊቱ በራ፤ አንድ ሰው እንኳን አልቀረም፣ አንድ ሰው እንኳን አልዘገየም! «ፒት፣ ግባ ግባ፣ ጠርሙሶቹን ላምጣ» ብሎ በሩጫ መኝታ ቤት ገባ። ፒት ረጅም፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ትልቅ ቦርሳ የያዘ ሰውዬ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየን። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። የሆላንድ ሰው ቤት ሲገባ ክብ ሠርቶ የተቀመጠውን ዞሮ እያንዳንዱን ሰው መጨበጥ ግዴታው ነው፤ ልደት ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ፣ ለቅሶ ከሆነ እግዜር ያጽናህ። ፒት ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ፊቱን አጠቆረ፣ ከጋሽ ሽባባው ጀምሮ የለቅሶ ቃላቸውን፣ «ኸኮንዶሌርት፣ ኸኮንዶሌርት» እያለ እጃችንን አንድ በአንድ ጨበጠ። ተስፋዬ ያኔ ተሟጠጠ። ፈረንጁ እንኳን ሰምቷል! የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከቀይ መስቀል ወይም ከስደተኞች ቢሮ የተላከ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። አባዬ፣ አባዬ እያልኩ በሆዴ ማልቀስ ጀመርኩ።

ባዩ አንድ ጠርሙስ ከጀርባው ደብቆ ወጣ። ዕቃውን መጀመሪያ እንዳታሳይ ይላል መጽሐፉ። መሀል ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። የተሰበሰብነው ሁሉ ወደሱ ዞርን፣ ትንፋሻችንን ይዘን። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላገኘም፤ ጥቁር መልበሳችንን እንኳን ያየ አይመስለኝም። «የተከበራችሁ ወዳጆቼ» አለ፣ ያ የደብረ ብርሃን ድምፁ ተመልሶለት። «ከዛሬ በኋላ ሕይወታችሁ እንደ ድሮው አይሆንም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን አጣራሁት፣ እውነት ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ...» ይመኙሻል ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ሽባባው ቀስ ብለው ተነስተው ትከሻዬን ከኋላ ያዙ። አባዬን ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ከበሩ በኩል ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ የማይንቀጠቀጥ፣ የደከመ ድምፅ።

«ባዩ ልጄ፣ አትድከም» አሉ እትዬ ተሻለች። «ሐሙስ ስትደውልልኝ ገብቶኛል።» ተነሱ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉት። ያ እስከ ወገባቸው የሚደርሰው፣ ሹሩባ ሲሠሩት ሁለት ሴት የሚያደክመው ፀጉራቸው የለም። እስከ ሥሩ ተቆርጧል። በወጥ ቤት መቀስ ለብቻቸው ቆርጠውት ኖሮ እዚህ ረዘም፣ እዚያ አጠር ብሏል፣ ጆሯቸው አጠገብ ቆዳቸው ተልጦ ደርቋል። «ሦስት ቀን ለብቻዬ አልቅሼለታለሁ» አሉ። «አሁን እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ። ቀብሮታል ወይ ሰው?»

ባዩ ጠርሙሱን ከጀርባው አወጣው። ሊያሳያቸው ፈልጎ አይደለም፣ እጁ ዝም ብሎ ወረደ እንጂ። አረንጓዴ ጠርሙስ፣ ወርቃማ ክዳን። እሳቸው ጠርሙሱን አዩ፣ ባዩም ፀጉራቸውን አየ። ያኔ ነው እኔ የገባኝ። መርዶው ከኔ ላይ ወርዶ እሳቸው ላይ ሲያርፍ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ከዚያ ነው የጮህኩት።

«ሳሙና ነው እትዬ! ሳሙና ነው! ባዩ የጠራችሁ ሳሙና ሊሸጥ ነው!»

በሕይወቴ ሳሙና የሚለውን ቃል እንደዚያ ጮኼ ተናግሬ አላውቅም። እትዬ ተሻለች ጠርሙሱን ከባዩ እጅ ተቀብለው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። «አሳምነውስ?» አሉ። «ምንም የሰማነው የለም እትዬ» አለ ባዩ። «ምንም?» «በእግዚአብሔር ስም፣ ምንም።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እልል አሉ። ሦስት ጊዜ፣ ረጅም፣ ጥቁር እንደለበሱ፣ በዚያች ራሳቸው። ይመኙሻል እየነፈረቀች ተቀበለቻቸው። ከታች ጎረቤታችን ሬዲዮዋን ዘጋች።

ከዚያማ ቁጣው መጣ። «የሰው ልጅ ለሳሙና እንዲህ ይጠራል?» አሉ ጋሽ ሽባባው ካፖርታቸውን እያወለቁ። ባዩ መጽሐፏን ከኪሱ አወጣ፤ ሞኙ ባሌ፣ ሊከላከልባት! «በስልክ ምንም እንዳትናገር ይላል። ‹ትልቅ ጉዳይ ነው፣ በስልክ አይነገርም፣ እሁድ ና፣ ለሰው አታውራ› በል ይላል። ጉጉት ይፈጥራል ይላል።» «ፈጥሯል!» አለ አስራት። «እናትነሽስ ታውቃለች ወይ ብዬ ብጠይቅህ ‹ብዙም አታውቅም፣ ስትመጡ አብራችሁ ትሰማለች› አላልከኝም?» ለካ ለሌሎቹም እንዲሁ ብሏቸዋል፤ ለዚህ ነው እኔን ሲያጽናኑኝ የዋሉት። ይመኙሻል ደግሞ እንባዋን ሳትጠርግ «ለአለቃዬ ዘመዴ ሞቷል ብዬ ነው ፈቃድ የወሰድኩት፣ ነገ ማን ሞተ ልበላት?» አለች። ለፒት በሆላንድኛ እኔ አስረዳሁት። ሰውዬው እስከ ጆሮው ቀላ። እነሱ ጋ እኮ በስልክ የማይነገር ሲባል ሰው ድግስ አለ ብሎ ነው የሚመጣው። ቦርሳውን ሳይከፍት ተነሳ፣ የመፈረሚያ ወረቀቶቹን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ትቶ እንደገና ክቡን ዞሮ ጨበጠን። እትዬ ተሻለች ጋ ሲደርስ አጎንብሶ ሁለት እጃቸውን ያዘና «ኸፌሊሲቴርት፣ ሜፍራው» አላቸው፤ እንኳን ደስ ያለዎት እመቤት ማለቱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም።

ባዩን ወጥ ቤት አገኘሁት፤ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል፣ ከረቫቱን በእጁ ይዞ። ልሰድበው ነበር የገባሁት። «ለእትዬም እንደዚያው ብለህ ነው የጠራሃቸው?» አልኩት። «ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለ። «ምን አሉህ?» «‹እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ› አሉ። ድምፃቸው ምንም አላለም። እኔም አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ስማቸው ላይ ምልክት አደረግኩ» አለና አለቀሰ። ስምንት መቶ ተማሪ ያስተዳደረ ሰው ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። ስድቡ አፌ ውስጥ ቀረ። ራሱን ወደ ሆዴ አስጠግቼ ያዝኩት። ተናድጄበታለሁ፣ አሳዝኖኛል፣ እወደዋለሁም፤ ሦስቱም ባንድ ላይ ነበሩ። «መድረኩ ይቅርብኝ» አለ ቀሚሴ ውስጥ እንደተደፋ። «ነገ ለፒት እነግረዋለሁ።»

ወደ ሳሎን ስንመለስ ጋሽ ሽባባው ንፍሮውን አስመጥተው ያዞራሉ። «ይኼ ተመልሶ ባቡር አይሳፈርም፣ ብሉ!» ይላሉ። በላን። እትዬ ተሻለች ከሦስት ቀን በኋላ ገና እህል መቅመሳቸው ኖሮ እፍኝ እፍኙን ያነሳሉ። ይመኙሻል መቀስ አምጥታ የተዛነፈውን ፀጉራቸውን እያስተካከለች «እትዬ፣ ሃያ ዓመት ቀነሱ እኮ፣ ወጣት ሆኑ» ትላቸዋለች። «ፀጉር ይበቅላል» አሉ እሳቸው። ሳቅ መጣ፣ ወሬ መጣ፣ የባቡሩ ዋጋ እንደገና ተነሳ። ባዩ ግን ከግድግዳው ተለጥፎ ማንንም ቀና ብሎ አያይም። እትዬ ተሻለች አስተውለውት ኖሯል።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉት። «ስንት ሰው ነበር የፈለግከው?»

«ተዉት እትዬ፣ አለቀ።»

«ስንት ነው አልኩህ?»

«ሦስት።»

«ወረቀቱን አምጣ። እኔን ጻፍ።»

ባዩ አልነካውም። «እትዬ፣ ዋጋው ውድ ነው» አለ። «እርስዎ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ሳሙና ምን ያደርግልዎታል? ገበያ ላይ በሁለት ጊልደር ጥሩ ሳሙና አለ።» ስለዚያ ሳሙና ለሰው እውነቱን ሲናገር ሰማሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሳሙና አልጠየቅኩህም» አሉ። «አንተ ሰው ፊት መቆም እንደምትፈልግ ሰባት ወር ቤቴ ስትኖር አላየሁም መሰለህ? ጻፍ።» ወረቀቱ ፒት እጅ እንደማይገባ ሁላችንም አውቀናል፣ እሳቸውም ጭምር። ቢሆንም ባዩ ብዕሩን አነሳና ስማቸውን ጻፈ። ፈረሙ፤ ቀስ ብለው፣ ፊደሎቹን እየለቃቀሙ። ብዕሩን መልሰው ሰጡት። «ቀጥሎ አሳምነውን ጻፍ» አሉ።

ይመኙሻል መቀሱን እንደያዘች ቀረች። ባዩ እኔን አየኝ፣ ጋሽ ሽባባውን አየ። እሳቸውም፣ ቃል የማያልቅባቸው ሰውዬ፣ ወደ ንፍሮው ሳህን አጎነበሱ።

«እሱ እኮ እዚህ የለም እትዬ» አለ ባዩ።

«እኔ እዚህ አላልኩህም። አለ ወይስ የለም?»

ባዩ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «አለ» አለ።

«አለ ካልክ ጻፈው።»

ጻፈው፤ የአባቱን ስም ጨምሮ፣ በዚያ በዳይሬክተር ጽሕፈቱ፣ ቀጥ አድርጎ። ከስሙ ሥር ያለው መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። «አድራሻ ይላል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የኔን ነዋ!» አሉ እትዬ ተሻለች። «ሲመጣ ሌላ የት ሊያድር ነው?»